አልማዝ ባለጭራ፦ ስለ አሳይክሎቪር እና ስለ ቫይታሚን ቢ12 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው መድኃኒት ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክር ሰምቶ ነው። አንዱ «የነርቭ ቫይታሚን ተወጋ» ይለዋል፣ ቢ12 ያለበትን መርፌ ማለቱ ነው፤ ሌላው «አሳይክሎቪር ዋጥ» ይለዋል፣ የቫይረስ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን እኩል አይደለም። አሳይክሎቪር ሰዓት እየተቆጠረ የሚጀመር ነው፤ ቫይታሚኑ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው።

በእርግጥ አልማዝ ባለጭራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ነፍሳት የነካው ይመስለዋል። መለያው ግን ግልጽ ነው። ከሽፍታው በፊት ከአንድ እስከ አምስት ቀን የሚቆይ የማቃጠል፣ የመውጋት ወይም የመደንዘዝ ስሜት ይመጣል፤ ልብስ ሲነካው እንኳ ያማል። ከዚያ በቀላ ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች በዘለላ በዘለላ ይወጣሉ። ዋናው ምልክት በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው፦ ከጀርባ ተነስቶ በጎን በኩል ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ ይዞራል፤ መሃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ሽፍታው አንድ ነርቭ የሚያዳርሰውን የቆዳ መስመር ስለሚከተል ነው።

ቫይረሱ ከውጭ አዲስ የመጣ አይደለም። በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ያው ቫይረስ፣ ጉድፉ ከዳነ በኋላ ከህብለ ሰረሰር አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ዕድሜ ሲገፋ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ወይም በሽታ የመከላከል አቅም ሲዳከም ይነሳና ነርቩን ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ህመሙ ከሽፍታው የሚቀድመውም፣ አንዳንዴ ከሽፍታው በኋላ የሚቀረውም ለዚህ ነው፤ ቁስሉ ከቆዳው ይልቅ ነርቩ ላይ ነው።

ሽፍታው ወገብን ዞሮ ከተገናኘ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። በሁለቱም ወገን መውጣቱ ግን ያልተለመደ ስለሆነ የመከላከል አቅም መዳከምን ሊጠቁም ይችላል። እንዲህ ከሆነ፣ ወይም ከዋናው ቦታ ርቆ በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ብዙ እብጠት ከታየ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

አሳይክሎቪር ቫይረሱን እንዴት ነው የሚያቆመው?

አሳይክሎቪር ተውጦ ደም ውስጥ ሲገባ ገና የሚሠራ መድኃኒት አይደለም። እንዲሠራ ፎስፌት በሚባል ኬሚካል ሦስት ጊዜ መታሰር አለበት። የመጀመሪያውን እስር የሚሠራው ቫይረሱ ራሱ የሚያመርተው ኢንዛይም ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በብዛት የሚነቃው ቫይረሱ ባለበት ሴል ውስጥ ነው፤ ጤነኛውን ሴል ብዙም አይነካም። ቀሪዎቹን ሁለት እስሮች የሰውነታችን ኢንዛይሞች ይጨርሱለታል።

የነቃው አሳይክሎቪር ቫይረሱ ዲ ኤን ኤውን ከሚገነባባቸው ቁርጥራጮች አንዱን ይመስላል። ቫይረሱ ተሳስቶ ያስገባዋል፤ ከእሱ በኋላ ግን ሌላ ቁራጭ መቀጠል ስለማይቻል ግንባታው እዚያው ይቆረጣል። ይህን መድኃኒት ካስገኙት ተመራማሪዎች መካከል ዋናዋ ገርትሩድ ኤልየን በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ ነች።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገር ይከተላል። አሳይክሎቪር የሚቆርጠው ቫይረሱ ሲባዛ ነው፤ የተኛውን ቫይረስ አያጠፋም። ደግሞም ቫይረሱ ተባዝቶ ከጨረሰ በኋላ ቢወሰድ የሚቆርጠው ነገር አያገኝም።

«በ72 ሰዓት ውስጥ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ቫይረሱ በብርቱ የሚባዛው ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስለሆነ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ህመሙ ከተሰማበት ሳይሆን የመጀመሪያው ሽፍታ ከታየበት ሰዓት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ያዩት ሽፍታ እስከ ዓርብ ጠዋት መድኃኒት ማግኘት አለበት። ቅዳሜና እሁድ መሃል ከገባ ሰኞን መጠበቅ አያዋጣም፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በእነዚህ ቀናትም ይሠራል።

72 ሰዓት ካለፈስ? አዲስ እብጠት ገና እየወጣ ከሆነ፣ ሽፍታው ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ታማሚው የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ከሆነ ሐኪም ዘግይቶም ቢሆን ያዝዛል። ሁሉም ቅርፊት ይዞ ከደረቀ ግን ጤነኛ በነበረ ሰው ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ያኔ ትኩረቱ ህመም ማስታገስ ይሆናል።

መጠኑ ስንት ነው? የገዛሁት አንድ እሽግ ይበቃል?

ብዙ ሕክምና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ሰው የአልማዝ ባለጭራ መጠን 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ለ7 ቀን ነው፤ ሐኪም እስከ 10 ቀን ሊያደርሰው ይችላል። በቀን 4000 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ወደ ፍሬ ሲመነዘር እንዲህ ነው። ኪኒኑ ባለ 400 ከሆነ በአንድ ጊዜ 2 ፍሬ፣ በቀን 10፣ በ7 ቀን 70 ፍሬ ይሆናል። ባለ 200 ከሆነ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በቀን 20፣ በ7 ቀን 140 ፍሬ። አሥር ፍሬ የያዘ አንድ የባለ 400 እሽግ የሚያዘልቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንን እሽግ «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ» እያሉ ለአምስት ቀን ማብቃቃት መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው አሳይክሎቪር ለከንፈርና ለብልት ሄርፐስም ስለሚታዘዝ ነው። ለእነዚያ የሚታዘዘው 200 ሚሊ ግራም በቀን አምስቴ ወይም 400 በቀን ሦስቴ ነው። የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ግን መድኃኒቱን የበለጠ ስለሚቋቋም ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል። ጎረቤት ለከንፈር ቁስል ወስዶ የዳነበትን መጠን መከተል ያስታል። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «400» ብቻ ተጽፎ ካዩ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሳሉ «ለአልማዝ ባለጭራ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ ነው የምውጠው?» ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ቫላሳይክሎቪር የተባለውን ዘመዱን ካገኙ 1000 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ አሳይክሎቪር ይለወጣል፤ ከአንጀት የሚገባው መጠን ስለሚበልጥ ነው ቁጥሩ የሚያንሰው። አቅም ለፈቀደለትና ላገኘ ሰው እኛ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ቀለል ስለሚል ሰው ሳያቋርጥ ይጨርሰዋል።

በቀን አምስት ጊዜ እንዴት ይዋጣል? ሌሊት መነሳት አለብኝ?

መነሳት አያስፈልግም። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ላይ ይዋጣል፤ የአራት አራት ሰዓት ልዩነት ሆኖ ሌሊቱ ያርፋል። ይህን ያህል መደጋገሙ ሁለት ምክንያት አለው፦ ከዋጡት ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ከ15 እስከ 30 በመቶው ብቻ ነው፣ የገባውም በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሰዓቶቹን ገልብጦ፣ በነቃባቸው ሰዓታት አራት አራት ሰዓት አራርቆ መውሰድ ይችላል።

በምግብም ያለ ምግብም ይዋጣል፤ የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ከምግብ ጋር ይሻላል። አንድ ጊዜ ከረሱ እንዳስታወሱ ይዋጡ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት፣ ደርበው አይዋጡ። ህመሙ በሦስተኛው ቀን ቢቀልም ሰባቱን ቀን ይጨርሱ።

ውሃ ጠጡ የሚባለው ለምንድን ነው? ጾም ላይ ብሆንስ?

አሳይክሎቪር ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሰውነት ውሃ ካነሰው መድኃኒቱ በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ሊቀመጥና ሊዘጋቸው ይችላል። የልብ ድካም ወይም ውሃ እንዲቀንስ የታዘዘበት ሌላ ሕመም የሌለው ሰው በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣ፤ ሽንቱ ጠቆር ካለ እየጠጣ ያለው አልበቃም። ሙሉ ቀን ውሃ ሳይቀምሱ መጾምና ይህን መድኃኒት በዚህ መጠን መውሰድ አብረው አይሄዱም፤ ለሰባቱ ቀን ስለ ጾሙ ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይነጋገሩ።

የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ የቆየ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ከመጀመሩ በፊት ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይመርመር። ኩላሊቱ በጣም ከደከመ 800ው ሚሊ ግራም በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ብቻ ይሆናል። መጠኑ ሳይቀነስ ከተወሰደ መድኃኒቱ ተጠራቅሞ መቃዠት፣ መንቀጥቀጥና ከባድ እንቅልፍ ያመጣል፤ ቤተሰብ «በሽታው አናቱ ላይ ወጣ» ብሎ የሚያስበው አንዳንዴ ይህ ነው። ለህመሙ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መደረብም ኩላሊቱን ያከብድበታል። ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ ለመነሻ ይበቃል። ጉበቱን የታመመ ወይም ኪሎው ያነሰ ሰው ግን ከዚህ ያነሰ ነው የሚወስደው።

የአሳይክሎቪር ቅባትስ? ዳማከሴስ?

ቅባቱ ለከንፈር ቁስል የተሠራ ነው፤ የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ የሚባዛው ነርቩ ውስጥም ስለሆነ ከላይ የተቀባ ነገር አይደርስበትም። በቅባት ብቻ ሦስቱን ቀን ማሳለፍ ዕድሉን ማባከን ነው።

ዳማከሴን ለምች ማሽተትና መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ የፈነዳ ቁስል ላይ የተጨቀጨቀ ቅጠል መለጠፍ ግን ባክቴሪያ ያስገባል። መተኮስ፣ መብጣት፣ ባትሪ ድንጋይና ቤንዚን መቀባት ከበሽታው የባሰ ጠባሳ ይተዋል። ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ ብሎ አጥቦ ማድረቅ፣ ካላሚን መቀባት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይበቃል። አሞክሳሲሊን ቫይረስ ላይ አይሠራም፤ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ቁስሉ መግል ሲይዝ ወይም ዙሪያው ሲቀላና ሲያብጥ ነው።

«የነርቭ መርፌ» ውስጥ ምን አለ?

ኒውሮቢዮን በሚል ስም በብዛት የሚታወቀው ባለ 3 ሚሊ ሊትር አምፑል ሦስት ቫይታሚኖች አሉት፦ ቢ1 100 ሚሊ ግራም፣ ቢ6 100 ሚሊ ግራም፣ ቢ12 ደግሞ 1 ሚሊ ግራም። ቀይ ቀለሙ የቢ12 ነው፤ በመሃሉ ኮባልት የሚባል ማዕድን ስላለ። ከተወጉ በኋላ ሽንት ቀላ ቢል ደም አይደለም፤ ሰውነት ያልያዘው ትርፍ እየወጣ ነው።

የሚወጋው ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ተደርጎ ነው። ከዳይክሎፌናክ ወይም ከዴክሳሜታዞን ጋር በአንድ ስሪንጅ ቀላቅሎ መውጋትን አንደግፍም፤ ችግር ቢመጣ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ቢ1 በመርፌ ሲሰጥ አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ ያስነሳል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሳይሆን ጤና ተቋም ውስጥ ተወግቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይገባል።

ታዲያ ቢ12 ለአልማዝ ባለጭራ ይጠቅማል?

ቢ12 ነርቭን የሚለብጠው ሚዬሊን የተባለው ሽፋን እንዲሠራና እንዳይበላሽ ያስፈልጋል፤ ደም ለመሥራትም እንዲሁ። ከእሱ ጋር የሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች ሲያቆሙ ሽፋኑ ይሳሳል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ሚዛን ይጠፋል። ስለዚህ የተጎዳን ነርቭ በቢ12 ማገዝ ምክንያት አለው። የቢ12 መርፌ የአልማዝ ባለጭራን ህመም እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ፤ ግን ጥቂትና ትናንሽ ናቸው።

ቫይረስ ላይ ግን ቢ12 ምንም አያደርግም። አቋማችን ይህ ነው፦ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አሳይክሎቪሩ ሙሉ ይገዛ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ችግር የለውም፣ አይጋጩም። መርፌውን ጀምሮ «ከሳምንት በኋላ እናያለን» ማለት ግን 72ቱን ሰዓት መጣል ነው።

በእርግጥ ቢ12 የሚያንሰው ማን ነው? ጾም ያሳንሰዋል?

ለአዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ ሰውነት ደግሞ፣ በተለይ ጉበት ውስጥ፣ በጠቅላላው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ግራም ያከማቻል። ይህ ክምችት ለዓመታት ያቆያል። ስለዚህ በፍስክ ወቅት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ሰው በጾም ምክንያት ብቻ በቀላሉ አያንሰውም። የሚያንሰው በፍስኩም እነዚህን የማያገኝ ነው። ቆጮ፣ ጎመን፣ ሽሮና በቆሎ በሌላ በኩል ብዙ ቢጠቅሙም ቢ12 የላቸውም። ሐዋሳ ላይ ግን መፍትሔው ሩቅ አይደለም፦ ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ ጥሩ የቢ12 ምንጭ ነው፣ አንድ መካከለኛ ዓሣ ለቀን የሚያስፈልገውን ሊሸፍን ይችላል። የበሬ ጉበት ከሁሉም ይበልጣል።

ሌሎቹ ለእጥረት የሚጋለጡት ለዓመታት ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚውጡ፣ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተወሰደ እና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። እነዚህ እግራቸው ሲደነዝዝ ደማቸው ይመርመር። አስቀድሞ ፎሊክ አሲድ ብቻ መውሰድ አደገኛ ነው፤ የደም ማነሱን ያስተካክልና የነርቩ ጉዳት ተደብቆ እንዲቀጥል ያደርጋል። እጥረቱ ከተረጋገጠ 1000 ማይክሮ ግራም በመርፌ መጀመሪያ አዘውትሮ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ በመጨረሻ በየወሩ ይሰጣል።

ቫይታሚን ስለሆነ ለወራት ብወስደው ምን ይጎዳል?

ቢ12ና ቢ1 ሲተርፉ በሽንት ይወጣሉ። ቢ6 ግን ሌላ ነው፦ በከፍተኛ መጠን ለወራት ከተወሰደ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል። «የነርቭ ቫይታሚን» ተብለው ከሚሸጡ ኪኒኖች አንዳንዶቹ በአንድ ፍሬ እስከ 200 ሚሊ ግራም ቢ6 ይይዛሉ። ሰውየው ሲደነዝዘው ይጨምራል፣ ሲጨምር ይብሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይውሰዱ፤ የእሽጉን ጀርባ አንብበው የቢ6ን ቁጥር ይፈልጉ። ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ ለሚወስዱ ሰዎች የሚታዘዘው ቢ6 አነስተኛ መጠን ያለውና አስፈላጊ ስለሆነ እሱን እንዳያቋርጡ።

ሽፍታው ጠፋ፤ ህመሙ ግን አልሄደም። አሳይክሎቪር ልድገም?

አይደግሙም፤ ቫይረሱ ተኝቷል፣ የቀረው የነርቩ ቁስል ነው። ከሽፍታው በኋላ ሦስት ወር ያለፈው ህመም በተለይ በአረጋውያን ላይ ይታያል። ለዚህ የሚሠሩት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፦ አሚትሪፕቲሊን ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ወይም ጋባፔንቲን ከ300 ሚሊ ግራም ይጀመራል። ሁለቱም ለመሥራት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ማቆም ልማድ ሆኗል። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፤ የልብ ሕመም፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም ሽንት አልወጣ የማለት ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር።

ዓይን፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ አካባቢ ከወጣብኝስ?

መድኃኒት ቤት አይጠይቁ፤ ባጃጅ ይዘው በቀጥታ የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ላይ እብጠት ከታየ ዓይንን የሚያዳርሰው ነርቭ ተይዟል ማለት ስለሆነ ማየት ሊጠፋ ይችላል። ጆሮ ላይ ወጥቶ ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ ወይም ከሽፍታው ጋር ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተርና መቃዠት ሲመጣም እንዲሁ ነው።

ሐኪሙ ኤች አይ ቪ ልመርምርህ አለኝ። ለምን?

አልማዝ ባለጭራ ጤነኛ ሰውንም ይይዛል፤ ግን ዕድሜው ገና በሆነ ሰው ላይ ሲታይ የመከላከል አቅም መዳከም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ምርመራው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎችም መድኃኒታቸውን በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊይዛቸው ይችላል፤ ያኔ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን አያቋርጡ፣ አሳይክሎቪሩን ይደርቡበታል። አሳይክሎቪር የኤች አይ ቪን መድኃኒት አይተካም።

ለልጆቼ ይተላለፋል?

አልማዝ ባለጭራው አይተላለፍም፤ ከእብጠቱ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ጉድፍ ወጥቶበት ለማያውቅ ሰው ጉድፍ ያስይዛል። ሁሉም ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ቁስሉን ይሸፍኑ፣ ፎጣ አይጋሩ፤ ከነፍሰ ጡርና ከአራስ ሕፃን ይራቁ።

ክትባት አለው?

አለው፤ ለ50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ከ2 እስከ 6 ወር ተራርቆ ሁለት ጊዜ የሚወጋ ነው። በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ግን የለም።

አምፑሉን እስክወጋ ድረስ የት ላስቀምጠው?

እሽጉ ላይ በተጻፈው ሙቀት፣ ከካርቶኑ ሳያወጡ፤ ቢ12 ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል። መስኮት ላይ ወይም ቀትር ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ አምፑል ቀለሙ ከቀየረ አይወጋ።